ስጠኝ የሚባል እንግዳ

አድምጡኝማ፤ ከወንዝ ልጀምር።

እኛ ደገኞቹ የነገሥታታችንን ዘር ስንቆጥር ከኢየሩሳሌም እንነሳለን። የጋምቤላው የአኙዋ ሕዝብ ግን የሚነሳው ከወንዝ ነው። አተራረኩ ከመንደር መንደር ይለያያል፤ አጥንቱ ይሄ ነው። ሁለት ልጆች ወንዝ ወርደው አንድ ዓሣ ያዙ። አንደኛው «የእኔ ነው» አለ፣ ሌላውም «የእኔ ነው» አለ። ጭቅጭቁ ሲጦፍ ከውሃው ውስጥ አንገቱ ላይ ጨሌ ያደረገ ሰው ብቅ አለ። አንዱን በራሱ በኩል፣ ሌላውን በጅራቱ በኩል እንዲወስድ ፈርዶ ዓሣውን አካፈላቸውና ተመልሶ ውሃው ውስጥ ገባ።

ልጆቹ እየሮጡ ወደ መንደር ሄደው ለአለቃው ነገሩ። አለቃው ፍርድ የሚያውቅ ሰው ከወንዝ መውጣቱን ሲሰማ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። ሰው ልኮ አስጠበቀ። ያ ሰው በሌላ ቀን ብቅ ሲል ተረባርበው ያዙት፣ ቤት አስገቡት። ምግብ አቀረቡለት፤ አልበላም። አናገሩት፤ አልመለሰም። የመንደሩ ሽማግሌ ሁሉ ቢመጣም ቢሄድም አንድ ቃል ከአፉ አልወጣም። በመጨረሻ የቀረበችው የአለቃው ሴት ልጅ ናት። እሷ ፀነሰች፤ እሱ ጨሌውን ለሚወለደው ልጅ ትቶ ወደ ወንዙ ተመለሰ፤ ዳግም አልታየም። ልጁ ጊሎ ተባለ። የአኙዋ መሳፍንት ዘራቸውን የሚቆጥሩት ከእሱ ነው።

ይህን ታሪክ ያዙልኝ፤ ሰው አገር ለመሄድ የሚያስብ ሁሉ ሊሰማው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ሥልጣኑን ሳይቀር ከእንግዳ ተቀበልኩ የሚል ሕዝብ እንግዳን በቀላሉ አያይም። ደግሞም ይሄው ሕዝብ እንግዳ ተይዞ፣ ተከብቦ፣ በጥያቄ ብዛት ተጨንቆ ዘመድ እንደማይሆን ያውቃል።

የምነግራችሁ አገር አቦቦ ነው፤ ከጋምቤላ ከተማ ወደ ደቡብ ከ40 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ ያለ ቦታ ነው። ቆላ ነው፤ የካቲትና መጋቢት ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በአጠገቡ የአልዌሮ ወንዝ ይፈሳል። ወደ ምሥራቅ ከፍ ሲሉ የመዠንገር ጫካ አለ፤ ወደ ምዕራብ ዝቅ ሲሉ ሜዳው ይዘረጋና ነጭ ጆሮ ቆርኬዎች በመንጋ የሚጓዙበት የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ይመጣል። መንገዱ በዚያው ወደ ደቡብ ቀጥሎ ጎግ ወረዳ፣ ፒኝዶ ይደርሳል። ከ1980 ዓ.ም. ወዲህ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች የሰፈሩበት ፒኝዶ ማለቴ ነው፤ ከእነሱም መካከል ወላጆቻቸውን ያጡ፣ በረሃውን በእግራቸው አቋርጠው የመጡ ብዙ ሺህ ወንዶች ልጆች ነበሩ። ይህ አገር እንግዳ አይቶ አያልቅም። አንዱ በመርከብ መጣ፣ ሌላው በጭነት መኪና፣ ሌላው በእግሩ። የእያንዳንዱ አመጣጥ ይለያያል፤ ከባለአገሩ ጋር መግባባቱም እንደዚያው ነው። እኔ ዛሬ የምተርክላችሁ ይህንኑ ነው።

በመርከብ የመጡት እንግሊዞች ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል ውስጥ በባሮ ዳር፣ ኢታንግ አካባቢ የንግድ ጣቢያ እንዲከፍቱ ፈቀዱላቸው። ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ተተከለ። ክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የእንፋሎት መርከብ ይመጣል፤ ጨው፣ ጨርቅ ያራግፋል፤ ከጎሬና ከደምቢ ዶሎ በኩል የወረደውን ቡና ጭኖ ይመለሳል። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ሱቅ ከፈቱ። ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1949 ዓ.ም. ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ግማሽ ምዕተ ዓመት የቆየ ነገር ነው እንግዲህ። ከዚያ ዘመን እኔ የሰማሁት ሁሉ ስለ ቡናው ነው፣ ስለ መርከቡ ነው፣ ስለ ቀረጡ ነው። ወንዙን በሚገባ ያውቁታል፤ መቼ እንደሚሞላ፣ መቼ እንደሚጎድል ጽፈው ይዘዋል። ጎረቤት ስለመሆን ግን የሚተረክ አላገኘሁም። በእነሱ ብቻ አልፈርድም፤ ለንግድ የመጣ ሰው ንግዱ ሲያልቅ ይሄዳል።

በእግሩ የመጣው ደግሞ ሌላ እንግሊዛዊ ነው፤ ኢቫንስ ፕሪቻርድ ይባላል። የሰውን ልጅ ባህል የሚያጠና ምሁር ነበር። ኑዌሮች ዘንድ የሄደው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው፤ ወደ አኙዋ በ1935 ሄደ። ከኑዌሮች ጋር የነበረውን ጅማሬ በመጽሐፉ ጽፎታል፤ ሰው ሁሉ ቢያነበው እወዳለሁ። ስምህ ማን ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ለምን ፈለግኸው ብለው ይመልሱለታል። ዘርህ ከማን ነው ይላል፤ ምን ሊያደርግልህ ይሉታል። የትምባሆውን ቦርሳ ግን ያለ ማፈር ይጠይቁታል፤ ድንኳኑ ውስጥ እየገቡ ይቀመጣሉ፣ ይስቁበታል። በሩን መዝጋት የለ፣ ለብቻ መሆን የለ። ሰውየው ሊያብድ ደረሰ። በኋላ የራሱን ከብት ገዛና ከብት እንዳለው ሰው ከእነሱ ጋር ከበረት በረት ይዘዋወር ጀመር። ያኔ ነገሩ ተለወጠ። ቀደም ሲል ሱዳን ውስጥ የኖረባቸው አዛንዴዎች እንደ ጌታ አይተውት እንደነበር፣ ኑዌሮች ግን እንደ እኩያቸው እንዳዩት ራሱ ጽፏል። ያከበሩት ሰዎች ከውጭ አቆዩት፤ የጠየቁት ሰዎች ከውስጥ አስገቡት። ከመጽሐፉ ሁሉ እኔ ይዤ የቀረሁት ይህን ነው።

ከአኙዋ ጋር ደግሞ በጦርነት ጊዜ ዳግም ተገናኘ። በ1933 ዓ.ም. ኢጣሊያ ከኢትዮጵያ ስትባረር፣ በአኮቦና በጊሎ ወንዞች ዳር የኢጣሊያን ጦር ይወጋ የነበረውን አነስተኛ የአኙዋ ኃይል ይመራ የነበረው ይኸው ምሁር ነው። ሲጀምር 15 አኙዋዎች ነበሩ፣ መሣሪያቸውም ጊዜ ያለፈበት። ተኳሾችና ደፋሮች መሆናቸውን መስክሯል። ታዲያ በትእዛዝ ብቻ የሚንቀሳቀሱ አይደሉም፤ የሚከተሉት ሰው አብሯቸው መሄድ፣ አብሯቸው መራብ፣ ቀድሟቸው መገኘት አለበት። ሰውየው ይህን ያወቀው በጥናት ጊዜ ከእነሱ ጋር ስለቆየ ነው። ስለ አኙዋ የአስተዳደር ሥርዓት የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1940 ታትሟል፤ ዛሬም ቢሆን የአኙዋ ምሁራን ሳይቀሩ ይጠቅሱታል።

ከዚያ በኋላ የመጣውን አንድ የስዊስ ሰው ሳልጠቅስ አላልፍም። ኮንራዲን ፐርነር ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ድንበሩን ተሻግሮ ባለው የአኙዋ አገር ኖረ፣ ቋንቋቸውን ተማረ፣ ብዙ ቅጽ ያለው መጽሐፍ ጻፈላቸው። እነሱም በራሳቸው ቋንቋ ስም አወጡለት።

ኢቫንስ ፕሪቻርድ ስለ አኙዋ ከጻፋቸው ነገሮች አንዱን ላቆይላችሁ፤ ያለሱ የምነግራችሁ ሁሉ አይገባም። የአኙዋ መንደር ኳሮ የሚባል አለቃ ነበረው። ሰው ፊቱ ሲቀርብ ጎንበስ ብሎ ነው፤ ክብሩ ትልቅ ነው። ነገር ግን ኳሮ መስጠት አለበት። ድግስ መደገስ፣ መጠጥ ማጠጣት፣ ያለውን ማካፈል አለበት። እጁን ሲሰበስብ፣ ወይም ያለው ሲያልቅበት፣ መንደሩ አጌም ያነሳል፤ ይነሱበትና ያባርሩታል፤ ከዘመዶቹ ሌላውን ያስቀምጣሉ። አንዳንዴ ያለ ደም፣ አንዳንዴ በደም። ጋብቻውም እንዲሁ በመስጠት የቆመ ነው። ዲሙይ የሚባል፣ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ጨሌ አለ። ሙሽራው ለልጅቷ ወገኖች ይሰጣል፤ ወንድሟ ያንኑ ይዞ ሚስት ያገባበታል፤ የዚያችም ወንድም ይዞት ይሄዳል። ጨሌው አንድ ቤት ውስጥ ተቆልፎ አይቀመጥም። ደርግ ሲመጣ የኳሮዎችን ሥልጣን አፈረሰ፤ ዛሬ ጥሎሹም በብዛት ወደ ገንዘብ እየዞረ ነው። ልማዱ ግን ከሰው ልብ አልወጣም። ያለው ሰው ይጠየቃል። የማይጠየቅ ሰው ወይ ድሃ ነው፣ ወይ ባዕድ ነው።

አሁን በጭነት መኪና ወደመጡት ልሻገር። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ለእኔ የታሪኩ ልብ እዚህ ነው።

የ1977 ዓ.ም.ን ድርቅ የማያውቅ የለም። መንግሥት ከወሎና ከትግራይ የተራበውን፣ ከከምባታና ከሐዲያ መሬት የጠበበውን ገበሬ እየጫነ ወደ ምዕራብ አወረደው። ወደ ጋምቤላ ብቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ሰው ደረሰ። አቦቦ ዋናው ማረፊያ ነበረች። መንደሮቹ ስም አልተሰጣቸውም፤ ቁጥር ተሰጣቸው። ዛሬም አቦቦ ላይ ከየት ነህ ብትሉት «ከመንደር አሥራ ሦስት»፣ «ከመንደር አሥራ አንድ» የሚላችሁ አለ። የወሎ ደጋ ልጅ፣ ውርጭ ለምዶ ያደገ ሰው፣ በዚያ ሙቀት ውስጥ ሲጣል አስቡት። ወባው አለ። ለእርሻ በሬ እንዳይይዝ የቆላ ዝንብ አለች፤ የምታመጣው ገንዲ የሚባል በሽታ በሬውን አክስቶ ይገድላል። አኙዋ ከብት ብዙም የማይይዘው፣ ምድሩን በዶማ የሚቆፍረው በዚህ ነው። መንግሥት ትራክተር አመጣ፣ የሶቪየት ኅብረት መሐንዲሶች በአልዌሮ ላይ ግድብ ሠሩ፤ 10 ሺህ ሄክታር ገደማ በመስኖ ጥጥ ይለማል ተባለ። ዕቅዱ በወረቀት ላይ ትልቅ ነበር። መሬቱን ለሠፋሪው ያስረከበው ሰው ግን የመሬቱን ባለቤት ፈቃድ አልጠየቀም።

ልብ በሉልኝ፤ እነዚህ ሁለት ሕዝቦች በፍላጎታቸው አልተገናኙም። አንዱ ተገዶ መጣ፣ ሌላው ተገዶ ተቀበለ። ባለአገሩ ጫካው ሲመነጠር፣ የሚያድንበትና ማር የሚቆርጥበት ቦታ በትራክተር ሲገለበጥ እያየ ሠፋሪውን ቢጠላ ምን ይገርማል? ሠፋሪው ደግሞ ልጁን በወባ ቀብሮ አገሩን ቢረግም ማን ይፈርድበታል? እንዲህም ሆኖ ሰው መግባባቱ አልቀረም። እንዴት እንደተግባቡ የሰማሁት እዚያው ካረጁ አንዲት የወሎ እናት ነው። የእሳቸው ቤት ቡና ይፈላል፤ ወሎዬ ቡና አፍልቶ ጎረቤት ሳይጠራ አይጠጣም። በዚያ መንደር ዳር የምታልፍ አንዲት የአኙዋ ሴት ነበረች፤ ዓሣ ይዛ ከወንዝ ትመለሳለች። ቋንቋ የለም። «ነይ ጠጪ» አሏት በእጃቸው። ገባች፣ ጠጣች። በማግስቱ ሳትጠራ መጣች፤ ገብታም ቡናውን ጠየቀች። እኚህ እናት መጀመሪያ ደነገጡ፤ ወሎ ላይ እንግዳ ቡና አፍሉልኝ አይልም። በሦስተኛው ቀን ግን እሷው ዓሣ ይዛ መጣች። እሳቸው ደግሞ ዓሣ አያውቁም፤ እንዴት እንደሚጠበስ፣ እሾሁ እንዴት እንደሚወጣ እሷ አሳየቻቸው። በሁዳዴ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚያ ይዘውት እንደሄዱም ነግረውኛል፤ እስከዛሬ አልተፈታም።

ያንን ያወሩልኝ እናት ሲጨርሱ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ጠየቀችኝ እኮ። ሰው ጠላቱን ቡና አይጠይቅም።»

የቆየ ወዳጅነት ብዬ ግን ላስጌጠው አልፈልግም። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ በሠፋሪው ላይ ጥቃት ደረሰ፤ ብዙው ሸሽቶ ወደመጣበት ተመለሰ። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. ደግሞ ጋምቤላ ከተማ ላይ የተነሳው እልቂት የአኙዋን ሕዝብ ነው የመታው፤ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ከ400 በላይ ሰዎች መገደላቸውን ዘግበዋል፤ ብዙ ሺህ ሰው ድንበር ተሻግሮ ፖቻላ ተሰደደ። በዚያ ቀን ከወታደሩ ጋር ሆኖ እጁን ያነሳ ደገኛ ነበር። ይህን የማያውቅ መንገደኛ ወደ አቦቦ ባይሄድ ይሻላል። እዚያ ስትደርሱ አንድ ሽማግሌ ትኩር ብሎ ካያችሁ፣ ሰላምታችሁን ዘግየት ብሎ ከመለሰ፣ ፊታችሁ ምን እንዳስታወሰው አስቡ። ከዚያም በኋላ የመጣ አለ፦ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ሳውዲ ስታር የተባለው ኩባንያ በአልዌሮ ግድብ አካባቢ 10 ሺህ ሄክታር መሬት ለሩዝ ተኮናተረ፤ በ2004 ዓ.ም. በካምፑ ላይ በደረሰ ጥቃት ሰው ሞተ። መሬቱን ብሎ እዚህ አገር ሲመጣ ይህ እንግዳ የመጀመሪያው አይደለም።

እንግዲህ እንዴት ይገባል? ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከጋምቤላ ሚኒባስ ይዛችሁ ትወርዳላችሁ። መኪናው ውስጥ በሽቦ የታሰረ ዶሮ የያዘች የአኙዋ እናት አለች፣ ከከምባታ ሠፋሪ የተወለደ ነጋዴ አለ፣ ፈቃድ ጨርሶ የሚመለስ ወታደር አለ። አቦቦ ስትደርሱ ፎቶ አንሺ ሆናችሁ አትውረዱ። ካሜራ ቀድሞ የወጣ እንደሆነ ከዚያ በኋላ የምታገኙት ሰው ሁሉ ለፎቶው ዋጋ የሚደራደር ነው፤ ዋጋ ከተቆረጠ ደግሞ ነገሩ አለቀ፤ ተቀባይና ከፋይ ሆናችሁ ትለያያላችሁ። ማንጎ ዛፍ ፈልጉ። አቦቦ ማንጎ ሞልቷል፤ ከሥሩ ሁሌም ሰው አለ። «ደሪቾ» ብላችሁ ሰላምታ ስጡ፤ ቀጥሎ ባይመጣላችሁም ግድ የለም፣ አማርኛ አብዛኛው ሰው ያውቃል። ሲያስቀምጧችሁ ተቀመጡ። ወዲያው ምንም አትጠይቁ።

እነሱ ይጠይቃሉ። ስም ነው የሚቀድመው። የአኙዋ ወንድ ስም ብዙ ጊዜ በኦ ይጀምራል፦ ኦሞድ፣ ኦጁሉ፣ ኦቻላ። የሴቷ በአ፦ አሪያት፣ አጁሉ፣ አቻላ። ከመንታ ቀጥሎ የተወለደ ኦኬሎ ይባላል። ስለዚህ ስም ሲነግሯችሁ ስለ ቤተሰቡ ጭምር እየነገሯችሁ ነው፤ የእናንተንም ስም ሲጠይቁ ከጀርባው ያለውን ይጠብቃሉ። እኔ ስሜን ስነግራቸው ማን አወጣልህ፣ ለምን አወጡልህ ተባልኩ። አያቴ እንዳወጡልኝ፣ በምን ቀን እንደተወለድኩ አወራሁ። ያን ያህል ስለ ራሴ ተጠይቄ አላውቅም።

ከዚያ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ረጅም ፒፓቸውን እያጸዱ ትምባሆ ስጠኝ አሉኝ። አላጨስም አልኳቸው። እንግዲያውስ ለስልኬ ካርድ ሙላልኝ አሉ። ዝም አልኩ። ከጎኔ መንደር አሥራ አንድ የተወለደ፣ አኙዋኛን ከአማርኛ እኩል የሚናገር የወሎ ልጅ ነበር፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ እየለመኑዎት አይደለም እኮ። እርስዎም ይጠይቋቸው» አለኝ።

ምን ልጠይቅ አልኩት። «የሚፈልጉትን ነዋ! ካልጠየቋቸው ይንቁኛል ይላሉ።»

ካርዱን ሞላሁላቸው፤ ከዚያ ዓሣ እንዴት እንደሚያጠምዱ ያሳዩኝ ዘንድ ጠየቅኳቸው። ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳቃቸው ዛፉ ሥር ያለውን ሰው ሁሉ አስነሳ። «ይሄማ ቀላል ነው» ብለው ልጃቸውን ጠሩ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አልዌሮ ዳር ነበርን። ከግድቡ በላይ ያለው ውሃ ሰፊ ነው፤ በመረብ የሚያጠምድ አለ፣ እሳቸው ግን የሚወዱት ረጅም ገመድ ላይ መንጠቆ ደርድሮ ሌሊት ትቶ ማደርን ነው። ገመዱን ሲስቡ ያስያዙኝ ጫፉን ነው። አምባዛ ወጣ። ሌላ አምባዛ ወጣ። ከዚያ ገመዱ ከብዶ ሲንቀጠቀጥ ልጃቸው ከወገቡ በላይ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ከእሱ ክንድ የሚረዝም ዓሣ ተሸክሞ ወጣ። እዚያው ከጎኑ ቆርጠን፣ እሳት አንድደን፣ ያለ ምንም ቅመም ጠበስን። ሚስታቸው የማሽላ ገንፎ ይዘው መጡ፤ ከአንድ ሳህን በላን።

በዚያ ቁርስ ላይ ነው ስለ ድሮው የወንዝ ሰው የሰማሁት፤ እኔ ሳልጠይቅ። ሁለቱ ልጆች የተጣሉት በእንዲህ ያለ ዓሣ ነው ብለው ጀመሩ። ቀደም ብዬ በመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ ከመጽሐፉ ጋር የማይገጥም ብዙ ነገር ነበረው፤ አላረምኳቸውም። ሲጨርሱ ደግሞ ተራዬን አደረጉት፦ «የእናንተ ጌቶችስ ከየት መጡ?» አሉኝ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ ነገርኳቸው፤ ልጃቸው ይተረጉማል። ሽማግሌው ጠየቁኝ፣ ንግሥቲቱ ስትመለስ ሰሎሞን ለሚወለደው ልጅ ምን ሰጠ አሉ። ቀለበት አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጨሌ ትቶ የሄደውን ሰው የሚያውቅ ሰው ቀለበቱን ለማወቅ አይቸገርም።

አንዳንድ ሰው ይህን ስነግረው ገንዘብህን ጨርሰህ ተመለስክ ይለኛል። አልጨረስኩም። የሰጠሁትን ከተቀበልኩት ጋር ሳስተያይ ሂሳቡ የማይገኝ ነው፤ እዚያ አገር ሂሳቡን የሚዘጋ ሰውም ወዳጅነቱን የዘጋ ያህል ነው። ያንን የወሎ ልጅ ጠይቄው ነበር፤ አንተ እዚህ ተወልደህ ስታድግ ጎረቤቶችህ ስንት ጊዜ ስጠኝ ብለውህ ይሆን አልኩት። «አሁንም ይሉኛል» አለ። «ጋሼ፣ በ83 ሰው ሁሉ ሲሸሽ አባቴ ያልሄደው ለምን ይመስልዎታል? ቤታችን የሚመጣ፣ የሚጠይቅ ሰው ነበረ። እሱው ነው አትሂድ ያለው።»

ወደ ሰው አገር የምትሄዱ ወገኖቼ ብዙ ናችሁ። አሁን ደግሞ ኢትዮጵያዊ በዓለም ሁሉ ተበትኗል፤ ዋሽንግተን ያለ አለ፣ ስቶክሆልም ያለ አለ፣ ጁባ ሆቴል የከፈተ አለ። ብዙዎቻችን ስንሰደድ የምንኮራበት ነገር ማንንም አለማስቸገራችን ነው። ጎረቤታችንን ጨው አንጠይቅም፣ መኪና ሲበላሽብን ገፋ አድርግልኝ አንልም፣ ስንታመም ለብቻችን እንተኛለን። ከዓመታት በኋላ አገሩ ሰው የለውም፣ ፈረንጅ ብርድ ነው እንላለን። እኔ ይህን ሳስብ የአቦቦዋ የአኙዋ ሴት ናት የምትታየኝ፤ ቋንቋ ሳታውቅ ገብታ ቡና የጠየቀችው። ከሁለቱ ደፋሯ እሷ ነበረች።

ሽማግሌው እስከ ዛሬ ይደውሉልኛል። ሲደውሉ ሰላምታው ያልቅና ጥያቄው ይመጣል፤ አንዳንዴ ካርድ ነው፣ አንዳንዴ ለልጅ ልጃቸው ደብተር ነው። እኔም እጠይቃለሁ። ባለፈው ከሜጢ በኩል የሚወርደውን የመዠንገር ማር ፈልጉልኝ ብዬ ነበር። ማሩ ዘንድሮ ዘግይቷል፣ ዝናቡ አበላሽቶታል አሉኝ፤ ሲገኝ በሚኒባሱ ሹፌር ይልካሉ። የእሳቸው ጥያቄ ደግሞ መንጠቆ ነው። ትልቁ፣ የወፍራሙ ሽቦ፣ ጋምቤላ ገበያ ጠፍቷል። መርካቶ ሄጄ ሦስት ሱቅ ጠየቅኩ፤ ያለው ሁሉ ትንሹ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ወደ አሜሪካን ግቢ በኩል እሞክራለሁ።